በጅራፍ ድምፅ የተቀመጠ ሽማግሌ

ከሁሉ አስቀድሞ በአንድ ነገር እንተማመን፤ እኔ ፈሪ አይደለሁም። አንድ ምሽት ከጅብ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቼ መንገድ ተለቃቅቄ ያለፍሁ ሰው ነኝ። እርግጥ መንገዱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም በክብር ነው የለቀቅሁት። እኔ በርጋጊ ነኝ እንጂ ፈሪ አይደለሁም። ፈሪ አስቦ፣ አውጥቶ አውርዶ ነው የሚፈራው። በርጋጊ ግን የማሰቢያ ጊዜ የለውም። አንድ ነገር ድው ሲል ገላው ቀድሞ ይሄዳል፤ ልቡ "ቆይ እንጂ፣ ወዴት ነው?" እያለ ከኋላ ይከተለዋል።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ለበርጋጊ ሰው ከዚህ የከፋ ቦታ ቢፈለግ አይገኝም። የጭነት መኪና ያለ ክላክስ አያልፍም። ባጃጁ ተሳፋሪ ቢያይም ይጮኻል፣ ባያይም ይጮኻል። የጎረቤቴ ጎሚስታ ደግሞ ጎማ ሲነፋ አልፎ አልፎ ያፈነዳል፤ አፈንድቶም "አብሽር፣ ጎማ ነው" ይለኛል፤ እኔ የምን ድምፅ እንደሆነ ጠፍቶኝ የበረገግሁ ይመስል።

ሥራዬ የእግር ሥራ ነው። ጨርቁን መርፌው ሥር አስተካክዬ፣ እግሬን ፔዳሉ ላይ ጭኜ፣ "አሁን ልንዳው" ስል ክላክስ ከጮኸ አለቀ። እግሬ ከእኔ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይነዳል፤ መርፌውም ያገኘውን ሁሉ እየሰፋ ይሄዳል። የአንድ ደንበኛዬን የዒድ ሸሚዝ የቀኝ እጅጌውን አፍ ጥርቅም አድርጌ ሰፍቼ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ሰጥቼዋለሁ። ሰውየው ጠዋት ለሶላት ሊወጣ ሲለብሰው እጁ መውጫ አጥቶ ውስጥ ቀረ። ያን ዕለት ዒድ ሙባረክ ሲባባሉ ሰው ሁሉ ግራ እጁን ነበር የሚጨብጠው አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ሱፉን ደሴ ነው የሚያሰፋው፤ አልፈርድበትም።

በመስጊድም አልቀረልኝም። አንድ ጁምዓ ኢማሙ ሊያጎነብሱ ነው ብዬ ተሰናድቼ ስጠብቅ ማይክራፎኑ ሲጢጥ አለ። በቃ፣ ከኢማሙም ከሰውም ቀድሜ ብቻዬን ጎንበስ። ሶላቱ ካለቀ በኋላ ከጎኔ የነበረው ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ "የጠፋብህን አገኘኸው?" አለኝ።

ነገሩን ልብ ብዬ ሳጤነው አንድ ምስጢር አገኘሁበት። ምንም ሳላስብ ባዶዬን ተቀምጬ ቢጮኽ ትከሻዬን ሰበቅ አድርጌ "ቢስሚላህ" ብዬ አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ላደርግ ተሰናድቼ፣ "አሁን፣ አሁን" እያልሁ ሳለ ከጮኸ ግን ያ ያሰናዳሁት ነገር እንዳለ ይወጣል። ያውም እኔ ወድጄ ባደርገው ከምፈጥነው በላይ ፈጥኖ። ተማሪ ቤት ሳለን የስፖርት አስተማሪያችን ሁለት ጣውላ አጋጭተው ነበር ሩጫ የሚያስጀምሩን። ጣውላው ጧ ሲል ከመነሻው መስመር እኔን የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ሌሎቹ ገና ሲያጎነብሱ እኔ ሄጃለሁ። አስተማሪው "ይህ ልጅ አገር ያስጠራል" ብለው ነበር። ችግሩ ሩጫ ከመነሻው ሌላ የቀረም መንገድ ነበረው። ከመነሻው አንደኛ፣ ከመድረሻው ጭራ ሆኜ ተማሪ ቤቱን ጨረስሁ።

ባለቤቴ ፋጡማ "አንተ እኮ የጎረሰ ጠመንጃ ነህ፤ ነካ ሲያደርጉህ ትተኩሳለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ከክፉው ጊዜ፣ ከጦርነቱ ወዲህ በአገራችን በር ሲዘጋ የማይደነግጥ ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ የሚስቅብኝም ቀንሷል። እኔ ግን በርጋጊነቴን ከማንም ሳልበደር ከእናቴ ማኅፀን ይዤው የመጣሁ ነኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሁለት ጊዜ ሳዑዲ ሄዶ ከመጣ ወዲህ ከሐይቅ ወዲያ፣ በአርዲቦ በኩል ያለች ሉባባ የምትባል ልጅ ወዶ እንቅልፍ አጥቷል። ልጅቱም ጠልታው አይደለም። ክፋቱ አባቷ አባ ይመር ናቸው። ሽማግሌ በመጀመሪያ ሲሄድባቸው "የዐረብ አገር የለመደ ልጅ ልቡ ሻንጣው ውስጥ ነው" ብለው መለሱት። ሰይድም ይህን ሲሰማ ተነሣና እናታችንን "እንግዲያው ፓስፖርቴን አምጪልኝ፣ እመለሳለሁ" አላት። እናታችን ፓስፖርቱን ገና በመጣ ሳምንት ደብቃዋለች፤ የት እንደደበቀችው ግን እሷም ረስታዋለች። ጠዋት ጠዋት እሱ ሲፈልግ እሷ ታለቅሳለች፤ እሱ ሲወጣ ደግሞ እሱ ቀድሞ እንዳያገኘው ብላ እሷ ትፈልጋለች። አንድ ልጇን ሁለት ጊዜ የሸኘች እናት ሦስተኛውን እንደማትችለው እኔ አውቃለሁ። እንዲያ ስትሆን ማየት አንጀቴን በልቶኛል።

ለሁለተኛው ሽምግልና ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ሸህ ሐሰን ናቸው፤ አንደበታቸው ማር ነው፤ ማር ስለሆነም ቶሎ አያልቅም። ሁለተኛው ከሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ በእኛ አገር እስላሙ ልጅ ሲጠይቅ ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ሲጠይቅ እስላሙ ካልታከለበት ሽምግልናው ጨው የለውም። ሦስተኛው ሰውዬ በሄድንበት ዕለት ጠዋት ወገባቸውን ያዛቸውና ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። ሁለት ሆኖ መሄድ ደግ አይደለም፤ የተገኘሁት እኔ ሆንሁ።

ፋጡማ ይህን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ስማ አንተ ሰው" አለችኝ፣ "እዚያ ስትደርስ ምንም ላድርግ ብለህ እንዳትሰናዳ። ባዶህን ሂድ፣ ባዶህን ቁም፣ ባዶህን ተመለስ።"

"ባዶዬን ከተመለስሁማ ልጅቱን አላገኘንም ማለት ነው" አልኋት።

"እኔ ያልሁህ አንተን ነው እንጂ ልጅቱን አይደለም! ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው የሚሄድልን?"

ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት አደረሰንና የቀረውን በእግራችን ያዝነው። ጊዜው ደስ የሚል ነበር። በየማሳው ከብት ተለቆ የማሽላ አገዳ ይቆረጥማል፤ የአርዲቦ ውኃ ከታች ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ጸጥታው ለእኔ ትልቅ ዜና ነው። ክላክስ የለ፣ ጎሚስታ የለ። "ዛሬስ ለሰው ወግ በቃሁ" አልሁ በልቤ። ሰው ልቡን ማመን የለበትም።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ባለቤቱ "ቁጭ በሉ" ይላል፤ ሽማግሌው "ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም" ይላል። እንዲህ ሲገፋፉ ጥቂት ይቆያሉ። ከመልሱ በፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ልመናውን ትቶታል፣ ወይም ልጅቱን አቅልሏታል ማለት ነው። ስለዚህም ጉልበትህ ቢከዳህ ምሰሶ ትይዛለህ፣ ምሰሶ ከሌለ ባልንጀራህን ትይዛለህ እንጂ ቁጭ አትልም። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

አባ ይመርን ከደጃቸው ዛፍ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሲያዩን ተነሡ። ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አሉ።

"የለም፣ ጉዳይ አለን" አሉ ሸህ ሐሰን። "ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም።"

"እንግዲያው እንስማው።"

ሸህ ሐሰን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። የጀመሩት ከአባታችን ከአደም ነው። ብቸኝነት ለሰው እንደማይበጅ ከአደም እስከ ኑሕ ዘመን እየተረኩ ሲወርዱ ፀሐዩ ከአናታችን ላይ አልነቃነቅ አለ። የእኔ ጉልበት ቀኑን ሙሉ ከፔዳል ጋር የሚውል ጉልበት ነው፤ መቆም አልለመደም። ገና መርከቡ ተሠርቶ ሳያልቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ያን ጊዜ ነው ያን የተረገመ በርጩማ ያየሁት። አባ ይመር ለሰላምታ ሲነሡ ጥለውት ወደፊት መጥተዋል፤ እኔ ደግሞ ጥላ ስፈልግ ስንፏቀቅ በርጩማው ልክ ከኋላዬ ሆኗል። ዓይኔ አየው፣ ጉልበቴ ሰማ። "ሰውየው 'ሰጥቻለሁ' እንዳሉ፣ ልክ ከአፋቸው እንደወጣ ቁጭ እላለሁ" አልሁ። እግሬን ከፈት አደረግሁ። የጋቢዬን ጫፍ ወደ ላይ ሰበሰብሁ። ወገቤን ወደ ኋላ ቀሰር አደረግሁ። የፋጡማ ምክር ትዝ ያለኝ ይህን ሁሉ ካሰናዳሁ በኋላ ነው።

ከጓሮ በኩል የወፍ ጠባቂ ጅራፍ ጧ! አለ።

ቁጭ አልሁ። ቁጭ ማለት እንዲህ ነው! ወንበር ሽሚያ የሚጫወት ልጅ እንኳ እንዲህ ፈጥኖ ሲቀመጥ አላየሁም። በርጩማው ራሱ ደንግጦ ሲጥ አለ። ከጆሮዬ የጅራፉ ድምፅ ሳይወጣ እኔ እንደ ባለቤት እግሬን ከፍቼ፣ ጋቢዬን ሰብስቤ፣ በአባ ይመር በርጩማ ላይ ተደላድያለሁ። ሸህ ሐሰን ከነመርከቡ ቆሙ።

አባ ይመር እኔን አዩኝ። ቀጥሎ በርጩማውን አዩት። ቀጥሎ ሸህ ሐሰንን አዩና "ምነው፣ ጉዳያችሁ አለቀ እንዴ?" አሉ።

"በስመ አብ!" አሉ ጋሽ ታደሰ። "የለም የለም፣ እግሩን ያመዋል።"

በዚያው ቅጽበት ሸህ ሐሰን "ራሱን አዙሮት ነው፣ ፀሐዩ" አሉ።

እኔም ሁለቱ ሲጣሉብኝ ለማስታረቅ ብዬ "ወገቤን" አልሁ።

"ሱብሃነላህ!" አሉ አባ ይመር። "እግሩን ያመዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ወገቡን ይዞታል። ሽማግሌ ነው ያመጣችሁልኝ ወይስ ሐኪም ቤት ስትወስዱት መንገድ ጠፋችሁ?"

"ወንድሙ ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ማለት አልነበረባቸውም።

"የልጁ ወንድም? ወላሂ ደግ አደረጋችሁ ነገራችሁኝ። በሽታው የዘር ነው ማለት ነዋ!"

በዚህ ጊዜ የእናቴ ፊት መጣብኝ። ትራሱን ገልጣ፣ የእህል ጎታውን ጎርጉራ፣ ያችን ትንሽ ደብተር የምታክል ፓስፖርት ልጇ ሳያገኛት ላግኛት ስትል። በእኔ አንድ መቀመጥ ሰይድ ሊሄድ ነው። ማልቀስ አማረኝ። ውሸቱም አላዋጣን።

"አባ ይመር" አልሁ፣ "አልታመምሁም። በርጋጊ ነኝ። ላደርግ ያሰብሁትን ነገር ድምፅ ከሰማሁ ሳልፈልግ አደርገዋለሁ። 'ሰጥቻለሁ' ሲሉ ልቀመጥ ተሰናድቼ ነበር፤ ጅራፉ አስቀመጠኝ። ይኸው ነው። ወንድሜ እንዲህ አይደለም፤ እሱ ጎማ አጠገቡ ቢፈነዳ ሻዩን አያፈስም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በእኔ የተነሣ እሱን አይከልክሉብኝ።"

ይስቃሉ ስል አልሳቁም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው "በርጋጊ" አሉ ቀስ ብለው፣ ነገሩን የሚያውቁት ይመስል። ፊታቸው ትንሽ ተፈታ።

"ስማኝ ልጄ" አሉ። "ወንድምህን ጠልቼው አይደለም። ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ናት። ዛሬ እዚህ፣ ነገ የዐረብ አገር እያለ ትቷት ቢሄድ ልጄ የስልክ ሚስት ሆና ልትቀር ነው። በስልክ የሚበላ የለ፣ በስልክ የሚወለድ የለ።"

"ሊሄድ የሚለው እሷን ካጣ ብቻ ነው" አልሁ። "ካገኛትማ ፓስፖርቱ የትም አይሄድ። እናታችን ደብቃው የት እንዳኖረችው እንኳ ጠፍቷታል።"

በዚህ ጋሽ ታደሰ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። አባ ይመርም ጺማቸው ሥር ፈገግ ሲሉ አየሁ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። እንደገና ከፈቱ። ነገሩ ምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደደረሰ ያስታውቃል። ግን ደግሞ በሁለተኛው ምልልስ ልጁን ሰጠ መባልን የሚወድ አባት የለም፤ ልጅህን አረከስሃት ይባላል። ሸህ ሐሰን እጃቸውን ለፋቲሐ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው፣ መልሰው ከተቱ። እኔም ከተቀመጥሁበት መነሣት እንዳለብኝ ትዝ ብሎኝ፣ መዳፌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ "አሁን ልነሣ" እያልሁ ነበር።

"እንግዲህ" አሉ አባ ይመር፣ "ነገሩን አሰላስዬ ለሦስተኛው..."

ጧ!

"ሰጥቻለሁ!" ብለው ጮኹ አባ ይመር።

"አልሐምዱሊላህ! አል-ፋቲሐ!" አሉ ሸህ ሐሰን፤ ሁለቱም እጆቻቸው ሰማይ ደርሰዋል። "አሜን" አሉ ጋሽ ታደሰ። እኔ ደግሞ ቆሜያለሁ። መቼ እንደቆምሁ አላውቅም፤ በመጀመሪያው ጅራፍ ተቀምጬ በሁለተኛው ተነሥቻለሁ።

አባ ይመር አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑት።

"ምን አልሁ?"

"ሰጥቻለሁ ብለዋል" አልነው ሦስታችንም።

"እኔ አይደለሁም! ጅራፉ ነው ያስባለኝ።"

"ጅራፍ አፍ የለውም አባ ይመር" አሉ ሸህ ሐሰን ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ንግግር አድርገው። "በሆድዎ ያልነበረ ቢሆን ከየት አምጥቶ ያወጣዋል? ይህ ሰውዬ እኮ መቀመጥ ስላማረው ተቀመጠ እንጂ አልጨፈረም።"

አባ ይመር እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ ያ ረጅም ሰውነታቸው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ይስቁ ጀመር። "በሉ እንግዲህ፣ አላህ ያሳምረው" አሉ። ልንወጣ ስንል ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና በጆሮዬ "እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። ለሰው እንዳትናገር" አሉኝ። እኔም ቃሌን ጠብቄ ለማንም አልተናገርሁም፤ መጻፍ ደግሞ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ደስታዬን አጎደለብኝ። ከግቢው ስንወጣ ከቤቱ ጀርባ የልጅቱ ልቅሶ ተሰማኝ። ስቅስቅ ብላ ነው የምታለቅሰው። "ምናልባት ሳትፈልግ ይሆን?" ብዬ እስከ ባጃጁ ድረስ ስብሰለሰል ሄድሁ። ጋሽ ታደሰ "ሙሽራ ሁሉ ያለቅሳል፣ ተወው" ቢሉኝም አልተውሁትም።

ኒካሑ ታሰረ፣ ሠርጉ ተበላ። ሰይድ ባጃጅ ይዞ ከተማ ውስጥ ሲሽከረከር ይውላል። እናታችን ፓስፖርቱን አንድ ቀን ከበርበሬ ዕቃ ሥር አገኘችው፤ አሁን ከፈለገ ይውሰደው ብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች፤ የሚነካው የለም። ሉባባም ከሱቄ ብቅ እያለች ጨርቅ ታስቆርጠኛለች። በቀደም ለታ የቀሚሷን እጅጌ እየለካሁ ሳለ የከረመው ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

"ሉባባ፣ ያን ዕለት ያን ያህል ያስለቀሰሽ ምን ነበር?"

"ወጉ ነዋ" አለች አንገቷን ደፍታ። "ሙሽራ ሳታለቅስ ትሰጣለች እንዴ?"

"ያ ወፍ ጠባቂያችሁስ ደህና ነው? ጅራፉን ሲያጮኽ አንጀቴን ነበር የበጠሰው።"

ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"አያ" አለችኝ፣ "የምን ወፍ? ማሽላው እኮ ያኔ ታጭዶ አልቋል።"

እጄ መለኪያው ላይ ቀረ። በየማሳው ከብት ተለቆ አገዳ ሲቆረጥም በዓይኔ ያየሁት እኔው ነኝ። እህሉ በገባበት ማሳ ወፍ የሚጠብቅ ማን ነው? እንደ ጅራፍ ራሷ ገርፋ ራሷ ጮኻለች ለካ!

"ታዲያ እኔን ምን አድርጌሽ ነው በሰው በርጩማ ያስቀመጥሽኝ?" አልኋት።

"ወላሂ አንቱን ብዬ አልነበረም" አለች። "የመጀመሪያው ለአባባ ነበር፤ አንቱ ቀደሟቸው።"